ቆሞ መቅዘፍ በነታንያ ባህር

«ባህር ሰው ይበላል» የሚሉን ወላጆች ብዙ ናቸው። እኛ የማኅበራዊ ኑሮ ሠራተኞች ይህን ፍርሃት አንንቀውም። ሆኖም ወላጅ ሲከለክል ልጁ ተደብቆ እንደሚሄድ በሥራችን እናያለን። ስለዚህ ባለፈው ሐምሌ ከጥቂት ቤተሰቦች ጋር ነታንያ፣ ሲሮኒት ወደሚባለው ባህር ዳርቻ ወረድን፤ በዕብራይስጥ «ሳፕ» የሚሉትን፣ በሰሌዳ ላይ ቆሞ መቅዘፍን፣ ከአስተማሪ ጋር ለመሞከር።

ቀጠሮው በዚህ አገር አቆጣጠር ከጠዋቱ 7 ሰዓት (በእኛ 1 ሰዓት) ነበር፤ ቀኑ ሲገፋ ነፋሱ ማዕበል ያነሳልና። ነፋሱ ከየብስ ወደ ባህር ከሆነ ግን በጠዋትም አይገባም፤ ሰውን ከነሰሌዳው ይዞ ይሄዳል። መድሪኹ ለሁላችንም የመንሳፈፊያ ሰደርያ አለበሰን፤ 3 ሜትር ያህል የሚረዝመውን ሰሌዳ በገመድ ከቁርጭምጭሚታችን ጋር አሰረ። መጀመሪያ ተንበርክኮ መቅዘፍ ነው። ሲቆሙ እግርዎን ሳይሆን ሩቁን ይመልከቱ። ቢወድቁም ገመዱ ሰሌዳውን ያስቀርልዎታል። እኛ ደጋግመን ወደቅን፤ ጨዉ ዓይን ያቃጥላል።

ጣና ዳር ያደጉ አንድ አባት ግን «ይህማ ታንኳ ነው» ብለው ቀጥ ብለው ቆሙ። በየቢሮው የሚያስተረጉምላቸው ልጃቸው ከኋላ «አባዬ፣ እንዴት ነው?» እያለ ይጠይቃቸው ነበር። ይህን በማየታችን በጣም ደስ አለን።

ማጺል፣ ማለት የዋና ጠባቂ፣ በሌለበት አይግቡ። ነጭ ባንዲራ ሲሰቀል መዋኘት ይፈቀዳል፤ ቀይ አደገኛ ነው፤ ጥቁር ክልክል ነው።

እናቶች «ምን ለብሰን?» ይሉናል። ረጅም እጅጌና ሱሪ ለብሶ መቅዘፍ ይቻላል፤ አብረውን የነበሩት እንዲያ ነው የቀዘፉት።