ቦርጭና ትንፋሽ

በዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ የሚነዳ አንድ ኢትዮጵያዊ አለ። ከአገሩ ሲወጣ ሸንቃጣ ነበር። ቀን ከመሪው ሳይነሣ ውሎ፣ ሌሊት ገብቶ ጠግቦ በልቶ ሲተኛ ዓመታት አለፉ፤ ቦርጩም አብሮ አደገ። አገር ቤት ለጥየቃ የሄደ ጊዜ ዘመድ አዝማድ «ተመችቶሃል፤ አምሮብሃል» ብሎ አሞገሰው። እሱም ደስ አለው።

ይሁን እንጂ ጫማውን ለማሰር ሲያጎነብስ ትንፋሽ ያጥረው ጀመር። በጀርባው መተኛት ስላቃተው ሦስት ትራስ ደራረበ። ባለቤቱ ሌሊት ማንኮራፋቱ ድንገት ቀጥ ሲል ትነቃና፣ ትንፋሹ እስኪመለስ አንድ፣ ሁለት እያለች ትቆጥራለች። እንዳይደነግጥ ብላ አልነገረችውም። እሱም የደበቃት ነገር ነበረው፤ ቀይ መብራት ላይ ቆሞ እንቅልፍ ይወስደው ነበር።

አንድ ምሽት ተሳፋሪው ትከሻውን ነቅንቆ ቀሰቀሰው። እቤት ሲገባ እውነቱን አወጣ። እሷም የቆጠረችውን ነገረችው። በማግሥቱ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ያዙ።

ሐኪሙ ነገሩን እንዲህ አስረዳው። ሳንባ በራሱ አይነፋም። አየር የሚገባው ከሳንባ ሥር ያለው ዲያፍራም የተባለ ጡንቻ ወደ ታች ሲወርድና የጎድን አጥንቶች ሲነሡ ነው። ሆድ በስብ ሲሞላ ግን ዲያፍራሙን ወደ ላይ ይገፋዋል። ደረት ላይ የተከመረው ስብም በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚነሣ ሸክም ነው። ስለዚህ ትንፋሽ አጭርና ፈጣን ይሆናል፤ በሳንባ ግርጌ ያሉት ትንንሽ የአየር ቱቦዎችም ይዘጋሉ። በጀርባ ሲተኙ ደግሞ የሆድ ክብደት ወደ ደረት ስለሚገፋ ይብሳል። በአንገት ዙሪያ ያለው ስብም በእንቅልፍ ጊዜ ጉሮሮን ያጠባል። በዚህ ምክንያት ትንፋሽ በተቋረጠ ቁጥር አንጎል ይባንናል፤ ሰውየው ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ ሳይተኛ ያድራል።

ዛሬ በጭምብል አየር እየገፋ ጉሮሮን ከፍቶ በሚያሳድር መሣሪያ ይተኛል። ይህን ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1981 ያስተዋወቁት ኮሊን ሱሊቫን የተባሉ አውስትራሊያዊ ሐኪም ናቸው። መሣሪያው ግን ስብን አያቀልጥም። ስለዚህ ራቱን በጊዜ ይበላል፤ በሥራ መሐል ታክሲውን አቁሞ በእግሩ ይሄዳል። ክብደቱ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ነው፤ ጫማውንም ሳያለከልክ ያስራል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ባለቤቱ መቁጠር ትታለች። ጠዋት «እንዴት አደርክ?» ስትለው ግን እንደ ድሮው ለሰላምታ ያህል ብቻ አይደለም፤ መልሱን ቆማ ትሰማለች።