ጋፋትና ትንሹ ሠርግ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በወረታ በኩል ወደ ምሥራቅ ያቀና መንገደኛ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ደብረ ታቦር ይደርሳል። ከከተማይቱ ጥቂት ወጣ ሲሉ የጋፋት ኮረብታ ይገኛል። አገሩ ደጋ ነው፤ ነፋሱ ቀዝቃዛ፥ አየሩም ንጹሕ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጉና ተራራም ከዚያው አካባቢ ነው።

ጋፋት በታሪክ የታወቀው በመድፍ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ የመጡትን የእጅ ባለሙያዎች በዚህ ስፍራ አስቀምጠው፥ ከአገሬው ሠራተኞች ጋር የጦር መሣሪያ አሠርተዋል። ከዚህ ምድጃ የወጣው ታላቁ መድፍ ሴባስቶፖል ሰባ ኩንታል ያህል ይመዝን ነበር። በ1860 ዓ. ም. ገደሉ እየተናደለት፥ መንገዱ እየተጠረገለት፥ በብዙ ሰው ክንድ እየተጎተተ ከወራት ድካም በኋላ መቅደላ ደረሰ።

ይሁን እንጂ ጋፋት የጎጆ መውጫም ስፍራ ነበር። ከባለሙያዎቹ አንዱ ቴዎፊል ዋልድማየር፥ የንጉሡ ታማኝ ወዳጅ የነበረውን የእንግሊዛዊውን የሊቀ መኳስ ዮሐንስ ቤልን ልጅ አገባ፤ እርሷም ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደች ነበረች። ባልንጀራው ዛልሙለርም እኅቷን አገባ። ከሩቅ አገር የመጡት ሰዎች በጋብቻ ከዚህ አገር ሰው ጋር ተዛመዱ። ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው የራስ ዓሊን ልጅ እቴጌ ተዋበችን በቁርባን አግብተው፥ ሹማምንታቸው በአንድ ሚስት እንዲጸኑ ይመክሩ ነበር።

ይህን ሁሉ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ዘመን አንዳንድ እጮኛሞች የድግሱን ጣጣ ሸሽተው፥ በውጭ አገር እንደ ተለመደው ሁለት ብቻቸውን ወደ ተራራ ወይም ወደ ሐይቅ ዳር ሄደው ቃል ኪዳን ገብተው መመለስን ይመኛሉ። ምኞታቸውን በችኰላ መንቀፍ አይገባም። ለአንድ ቀን ድግስ በሬ ተሽጦ፥ ገንዘብ ተበድሮ፥ አዲሱ ጎጆ በዕዳ ሲጀመር ስንቱን አይተናል! ሴባስቶፖልን የጎተተው የብዙ ሰው ክንድ ነበር፤ የሠርግን ዕዳ ግን የሚጎትቱት ባልና ሚስት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ነገር ግን ከድግስ መሸሽ ሌላ፥ ከወላጅ መሸሽ ሌላ ነው። በአገራችን ተዋደው የኰበለሉ ልጆች ከተጋቡ በኋላ ሽማግሌ ልከው ይቅርታ የሚለምኑበት ልማድ አለ፤ ይሁንና እርቁ ቢወርድም የእናት ልብ ቶሎ አይሽርም። ጠለፋማ ከቶ ጋብቻ አይባልም፤ የ1996 ዓ. ም. የወንጀል ሕግም ከሦስት እስከ ዐሥር ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣዋል።

እንግዲህ ጸጥ ያለ ሠርግ የሚፈልጉ ሙሽሮች ምን ያድርጉ? አስቀድመው ሽማግሌ ይላኩ፤ ሁለቱም ወላጆች ይመርቁ። ከዚያም የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ። ለደናግል የተሠራው ሥርዓተ ተክሊል በቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል እንጂ በኮረብታ አይፈጸምም፤ ዘይቱ የሚቀባው፥ አክሊሉ የሚደፋው፥ ሥጋውና ደሙም የሚሰጠው በዚያ ነው። ከሰማይ በታች፥ ከዛፍ ጥላ መቆምን የሚወድ ሰውም አይጐድልበትም። በደቡብ ጎንደር እርሻው ደኑን ሲጨርስ፥ ወይራውና ጥዱ ተጠብቆ የቆየው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጽር ነውና፥ ከቅዳሴ ሲወጡ የሚቀበላቸው ጥላ አለ።

በዚያ ቀን ማዕዱ በቤት ይሁን። ወላጅ፥ አያት፥ ክርስትና አባትና እናት፥ ሚዜዎችና ጥቂት ጎረቤቶች አንድ መሶብ ከበው ቢበሉ ሠርጉ ጐደሎ አይባልም። ጌታችን በቃና ዘገሊላ የባረከው ሠርግ የወይን ጠጅ ያለቀበት ሠርግ መሆኑን እናስታውስ።

ወደ ጋፋት መውጣቱ ግን ለመልሱ ሰሞን ይቆይ፤ የቆረበ ሰው በዚያ ዕለት ሩቅ መንገድ መሄድና ወንዝ መሻገር አይገባውምና። ጥር ለዚህ የተመቸ ወር ነው፤ ዝናብ የለም፥ ጾመ ነቢያት ተፈትቷል፥ ዐቢይ ጾምም ገና ነው። የመንገዱን ሰላም አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለሽማግሎች ጋቢና መቀመጫ፥ ለሁሉም ዳቦና ቆሎ ይያዝ። አያቲቱ ዳገቱን መውጣት የማይችሉ እንደ ሆነ ግን ኮረብታው ይቅር፤ የእርሳቸው ምርቃት ከጉና ይበልጣል።

በጋፋት ምድጃ ያን ያህል ደክመው የሠሩት መድፍ ዛሬም መቅደላ ላይ ወድቆ ይገኛል። በዚያው ኮረብታ በጋብቻ የተተከለው ዝምድና ግን በልጅ ልጅ ተላልፏል። በትንሽ ማዕድ፥ በብዙ ምርቃት የሚጀመረውንም ትዳር እግዚአብሔር እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ ትዳር ያጽናው። አሜን።