የሶባ ማመልከቻ

ሶባ ከካርቱም በስተደቡብ ምሥራቅ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከእኛው አገር በሚወርደው በጥቁር ዓባይ ዳር የምትገኝ ሥፍራ ናት። ዛሬ ስሟ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው ሆስፒታሏን ነው። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን ኢብን ሱለይም አል-አስዋኒ የተባለው የግብፅ መልእክተኛ የአልዋ ክርስቲያናዊ መንግሥት መናገሻ እንደነበረች፣ ያማሩ ሕንፃዎች፣ አትክልትና በወርቅ ያጌጡ አብያተ ክርስቲያናት እንደነበሯት ጽፎላታል። ፍርስራሿ ውስጥ የቀረው ቀይ ጡብ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እየተነቀለ ለካርቱም ግንባታ ዋለ። እኛ ስደተኞቹ በደረስንበት ዘመን የምንኖርባቸው ቤቶች የጭቃ ነበሩ።

በ1980 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ (እ.ኤ.አ. ኦገስት 1988) በካርቱም በአንድ ቀን 200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ጣለ። ከተማይቱ በዓመት ከምታገኘው ይበልጣል። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ቤት አልባ ሲሆን የእኛም ግድግዳ እንደ ራሰ ዳቦ ተንዶ አደረ። በጎርፉ ምክንያት ተላልፎ የነበረው የኮሌጁ ፈተና ሲሰጥ አባቴ በወባ ወድቀው ሆስፒታል ነበሩ፤ አስታማሚያቸው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሁለት ፈተና አመለጠኝ። አማካይ ውጤቴ ወረደና የነጻ ትምህርት ዕድሉን የሰጠኝ ድርጅት በአራት መስመር ደብዳቤ አሰናበተኝ። ይግባኝ ለማለት 30 ቀን ነበረኝ።

የመጀመሪያውን ረቂቅ ያዘጋጁልኝ በአገር ቤት መምህር የነበሩ ጎረቤታችን ናቸው። እንዲህ ያለ አማርኛ ዛሬ አይገኝም። ሦስት ገጽ ሙሉ ከእግር ሥር መውደቅ፣ እንባ፣ የፈጣሪ ስም። ልማዱ የቆየ ነው፤ «አቤቱታ» ራሱ «አቤት» ከሚለው ጩኸት የወጣ ቃል ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎንደርን ያየው ጀምስ ብሩስ እንደጻፈው፣ ተበዳዮች በቤተ መንግሥቱ ደጅ «ጃን ሆይ!» እያሉ ይጮኹ ነበር። አጥር ላይ ቆሞ ለሚጮኽ ሰው ድምፅ ማስረጃ ይሆነዋል። የእኔ ጉዳይ የሚታየው ግን ፊቴን በማያይ ኮሚቴ ነበር።

ረቂቁን ይዤ ካርቱም፣ በፍርድ ቤት አጥር ጥላ ሥር የጽሕፈት መኪናቸውን ዘርግተው ወደሚቀመጡት ዐርድሐልጂዎች ሄድኩ። ዐርድሐል በዐረብኛ ማመልከቻ ማለት ነው፤ ቃል በቃል ሲፈታ «ሁኔታን ማቅረብ» ይሆናል። ሽማግሌው ጸሐፊ የመምህሩን ሐሳብ በእኔ ትርጉም እስከ መጨረሻው ሰሙና፣ «ያ ወለዲ፣ ዝናቡ የጣለው በስንተኛው ቀን ነው? አባትህ የተኙትስ? ፈተናውስ?» አሉኝ። ሦስቱን ቀኖች በተርታ ጻፉ። ከዚያ የሆስፒታሉን ወረቀት፣ የሰፈሩን ሼኽ ማኅተም ያለበት የቤቱን መፍረስ የሚገልጽ ደብዳቤና ያለፉትን ሁለት መንፈቆች ውጤት እንዳያይዝ አዘዙኝ። ሦስቱ ገጽ ግማሽ ገጽ ሆነ። የአባቴ አልጋ ወደ ቁጥር ሲለወጥ ሆዴ ባር ባር ቢለውም፣ ያ ግማሽ ገጽ እስካሁን ካየኋቸው አቤቱታዎች ሁሉ የተሻለው እንደሆነ አምናለሁ። መምህሩ ግን ተቀይመው ሰነበቱ።

ጉዳዬን የተቀበለው ሠራተኛ ክፉ ሰው አልነበረም። «ወንድሜ፣ ገንዘቡ የእኛ አይደለም፤ እኛም ከሌላ ተቀብለን ነው የምንሰጠው» አለኝ። ይህን መልስ ከዓመታት በኋላ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ አገኘሁት። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ እንደተረከው፣ ክርስትናቸው ካህን አጥቶ የጠፋባቸው የኖባ ሰዎች ስድስት መልእክተኞች ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ልከው ካህናት ለምነው ነበር። ንጉሡም ጳጳሳቸው ራሳቸው ከእስክንድርያ የሚላክላቸው መሆኑን ጠቅሰው፣ ሌላ የሚሰጠኝን እኔ እንዴት እሰጣለሁ አሉ ይባላል። ስድስቱ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። አልዋ ከምድር የጠፋችው በዚያው ዘመን ግድም ነው። ንጉሡን ለመውቀስ ይከብደኛል፤ እውነታቸውን ነበር። ስድስቱ ሰዎች በዚያ ረጅም መንገድ ሲመለሱ ምን ይባባሉ እንደነበር ግን ሁልጊዜ አስባለሁ።

የእኔ መልስ በሰባተኛው ሳምንት መጣ። የኪስ ገንዘቡ ቀረ፤ የትምህርት ክፍያው ለአንድ መንፈቅ ተፈቀደ፣ ውጤቴ ከተስተካከለ ሊቀጥል። ሌሊት ዳቦ ቤት እየሠራሁ ቀን ተማርኩ። ተስተካከለ።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በሱዳን ጦርነት ሲጀመር ካርቱም የነበሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን በመተማ በኩል ገቡ። ከእነርሱ መካከል አንዲት የቀድሞ ጎረቤቴ ልጅ በጎንደር ቤቴ መጣች። የነርስነት ትምህርቷ ሦስተኛ ዓመት ላይ ተቋርጧል፤ የሚረዳት ወገን ደግሞ በወቅቱ ውጤቷን ስላላቀረበች ዕድሏን ሰርዟል። ውጤቱ የተቀመጠበት ቢሮ ተኩስ መካከል ነው። «ጋሼ፣ እንዴት ብዬ ልለምናቸው?» አለችኝ። ከስልኳ ውስጥ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ሳለ ያነሣችው የውጤት ዝርዝር ፎቶግራፍ ተገኘ፤ ስሟ በ14ኛ ተራ ላይ ይነበባል። ወረቀት አቀረብኩላትና መጀመሪያ ቀኖቹን በተርታ እንድትጽፍ ነገርኳት።