የአቀንጭራ ዘመድ በኢይዝራኤል ሸለቆ



ከአፉላ ወደ ምዕራብ ስንጓዝ እርሻው ግራና ቀኝ ተዘርግቶ ይታያል። በራማት ይሻይ አጠገብ ኔቬ ያአር የተባለው የእርሻ ምርምር ጣቢያ አለ፤ በዚያ ስለ አረም ይጠናል።

በቲማቲሙ መካከል አረንጓዴ ቅጠል የሌለው፣ አበባው ሐምራዊ የሆነ አረም አየን። በዕብራይስጥ አሌኬት ይባላል። አብረውን የነበሩ አንድ አባት «ይህማ የአቀንጭራ ዘመድ ነው!» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሁለቱም ከአንድ ወገን ናቸው። አቀንጭራ የማሽላን ሥር እንደሚጠባ፣ አሌኬትም የቲማቲሙን ይጠባል። አንዱ ተክል ከመቶ ሺህ በላይ ደቃቅ ዘር ሊበትን ይችላል፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ይቆያል። ከመሬት በላይ ብቅ ሲል ሰብሉን ጎድቶ ስለሆነ፣ ማረም ብቻ አይበቃም።

ስለዚህ ተመራማሪዎች የአረሙን በሽታ ፈለጉ። የእስራኤል ተመራማሪዎች ከታመመ አሌኬት ላይ ፉዛሪየም የተባለ ፈንገስ አግኝተው እ.ኤ.አ. በ2001 ጽፈዋል። ፈንገሱ አረሙን ይገድላል፤ ቲማቲሙን ግን አይነካም። በኬንያ ደግሞ የፉዛሪየም ፈንገስ እ.ኤ.አ. በ2021 ለአቀንጭራ መድኃኒትነት ተፈቅዷል። ገበሬው በተቀቀለ ሩዝ ላይ ያራባውና ከበቆሎው ዘር ጋር ጉድጓዱ ውስጥ ይጨምረዋል።

እናቶችና አባቶች፣ ቋንቋው ቢያስቸግርም የእርሻ እውቀታችሁ ከእናንተ ጋር መጥቷል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሸለቆውን እዩ፤ አቀንጭራን እንዴት ትታገሉት እንደነበርም ንገሯቸው።