ጠቅልሎ ከገባ ስንት ወር ሆነው?

ሽማግሌ ሳይላክ፣ ሰማንያ ሳይፈረም አንድ ቤት የሚኖሩ ስንት ጥንዶች ታውቃላችሁ? ሰፈራችን «ጠቅልሎ ገባ» ብሎ ያልፈዋል። መቼ እንደገባ ግን ማንም ቀን አይቆጥርም። እኔን ቀን ያስቆጠረኝ የካናዳ ማመልከቻ ነው።

የምኖረው ጉለሌ፣ አዲሱ ገበያ ነው። በሙያዬ በኤክስፕረስ ኢንትሪ ሳመለክት ከጓደኛዬ ጋር አንድ ቤት ከገባን ገና ሰባት ወራችን ነበር። ስለዚህ «ያላገባች» ብዬ መሙላቴ ትክክል ነበር። መልስ ስጠብቅ ግን አሥራ ሁለተኛው ወር ሞላ። በካናዳ ሕግ ሁለት ሰዎች ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት ለአንድ ዓመት ሳይቋረጥ አብረው ከኖሩ «ኮመን ሎው» ይባላሉ፤ በማመልከቻውም ላይ እንደ ትዳር ጓደኛ ይቆጠራሉ። በእኛም አገር በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ እንዲህ ያለውን ኑሮ ያውቀዋል፤ አብረው ያፈሩት ሀብት የጋራ የሚሆነው ግን ከሦስት ዓመት ያላነሰ ሲኖሩ ነው።

«ዝም በይ፤ ሄደሽ ትወስጂዋለሽ» ያሉኝ ብዙ ናቸው። ምክሩ ቀላል ይመስላል፤ ጣጣው ግን ከባድ ነው። አመልካች ቋሚ ነዋሪ ከመሆኑ በፊት ያላሳወቀውንና ያልተመረመረውን የትዳር ጓደኛ በኋላ በቤተሰብ ስም መውሰድ በመርህ ደረጃ የተከለከለ ነው። ለተወሰኑ ሰዎች ጊዜያዊ ማስተካከያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቢኖርም ሁሉንም አይመለከትም። ሐሰተኛ መረጃ ሰጥቷል የተባለ ሰው ደግሞ ለአምስት ዓመት ሊታገድ ይችላል። አጋራችሁ አብሯችሁ ባይሄድ እንኳ ስሙ መግባትና መመርመር አለበት።

ገና ያላመለከታችሁ ደግሞ ነጥቡን አስቡበት። ብቻውን ለሚያመለክት ሰው የዕድሜ ከፍተኛ ነጥብ 110፣ የትምህርት 150 ነው፤ አጋር ላለው 100 እና 140 ይሆናል። የአጋር ትምህርት፣ ቋንቋና በካናዳ የተገኘ የሥራ ልምድ ግን እስከ 40 ነጥብ ሊመልስ ይችላል። በባንክ መታየት ያለበት ገንዘብም በቤተሰቡ ቁጥር ልክ ይጨምራል።

እኔ «የቤተሰብ ሁኔታ ለውጥ» ብዬ አሳወቅሁ። ከዚያ ማስረጃ ፍለጋ ተጀመረ። የኪራይ ውሉ በእኔ ስም ነው፤ የመብራት ክፍያው በአከራያችን። በቴሌብር ተራ በተራ የከፈልነውን ኪራይ አወጣን። አከራያችን እትዬም አብረን እንደምንኖር በደብዳቤ መሰከሩልን።

ከወረቀቱ ሁሉ የከበደኝ ግን ለእናቴ መንገር ነበር። ሽሮ ሜዳ ሄጄ ቡና እስኪፈላ ዝም አልኩ። ሁለተኛው ሲቀዳ ነገርኳት። ረከቦቱን ቀና አደረገችና «ሁለት ሰው የሚበላውን እንጀራ ዓመት ሙሉ ስትወስጂ ያላየሁ መሰለሽ?» አለችኝ። ቀጥላም «ለካናዳ ሰዎች ደብዳቤ ከተጻፈ፣ ለአባትሽም ሽማግሌ ይላክ» አለች። ሽማግሌዎቹ በወሩ መጡ።

ማመልከቻዬ አሁንም በሂደት ላይ ነው፤ በእኛ ጉዳይ ተጨማሪ ወረቀት ተጠይቀን ሰጥተናል። መዘግየቱ ያሳስበኛል። ግን የእሱ ስም ሳይኖርበት ቶሎ ቢያልቅ ኖሮ፣ አውሮፕላን ጣቢያ ስንለያይ መቼ እንደምንገናኝ ማን ይነግረን ነበር?

እናንተም ማመልከቻ ጀምራችሁ ከሆነ አብራችሁ መኖር የጀመራችሁበትን ቀን ዛሬውኑ ጻፉት። በኪራይ ውሉ ላይ የሁለታችሁም ስም ይግባ፤ ደረሰኝ አትጣሉ። ዓመቱ ከሞላም ሳትውሉ ሳታድሩ አሳውቁ። ለእናቶቻችሁም ንገሩ፤ ምናልባት ቀድመው አውቀውት ይሆናል።