ሁለት ንጉሥ ይዘን

ባለፈው እሑድ አቃቂ፣ በድሮው የምድር ባቡር ሐዲድ አጠገብ፣ ከአንድ ጓደኛችን ቤት ስምንት ሆነን የፖከር ውድድር ገጠምን። የሳምንት የታክሲ ገንዘባችንን አዋጥተን ለየራሳችን 50 ሽምብራ ተቆጠረልን፤ ያለቀበት ይወጣል። ገና በሦስተኛው እደላ ሁለት ንጉሥ ደረሰን። ከመካከላችን ዝምተኛው ሽምብራውን ሁሉ ገፋ። መደቡ ላይ የነበረው 3 ሽምብራ ብቻ ነው! የሚበልጠን ጥንድ አስ ብቻ፣ እርሱም ለአንድ ሰው በአማካይ ከ221 እደላ አንዴ የሚደርስ ነው ብለን ተቀበልን። አስና አስ ገለጠ። ከመቶ 18 ያህል ዕድል ቀርቶልን ነበር፤ አልመጣም።

ካርታውን ቆጠርን እንጂ ሰውየውን አልቆጠርንም። ያ ልጅ ሻይ እንኳ ሳያስብ አያዝም። ዘወትር በባዶ እጁ የሚፎክረው ጎረቤታችን ገፍቶ ቢሆን በሁለት ንግሥትም እንቀበለው ነበር። ለዝምተኛው ግን ንግሥት ብንይዝ እንጥላለን፤ ንጉሥን መጣል፣ እውነቱን ለመናገር፣ ዛሬም አንደፍርም። እስከ ቃሊቲ በእግራችን ተመለስን።