የደፈንኩት መስኮት

በግቢያችን አራት ሰርቪስ ክፍሎች አሉ። ሦስቱን ያሠራው ባለቤቴ ነው፣ ነፍሱን ይማረው። አራተኛውን ያሠራሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ልጽፍ የተነሣሁት አራተኛውን ሳሠራ በሦስተኛው ላይ ስላደረስኩት ነገር ነው።

ቤታችን ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ ነው። ክረምት ሲገባ ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ባለቤቴ በ2013 ሲያርፍ እኔ ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። የነርስ ጡረታ ምን ያህል እንደሚያራምድ ጡረተኛ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፤ ቤቱን የሚያቆመው የሰርቪሶቹ ኪራይ ነበር። በሦስተኛው ክፍልና በአጥሩ መካከል ልብስ የምናሰጣባት፣ ሁለት ሜትር ተኩል የምትሆን ክፍት ቦታ ነበረች። አንድ ቀን ጣሪያ ሊጠግን የመጣ ግንበኛ ቦታዋን በእርምጃው ለካና፣ «ሲስተር፣ እዚህ ጋ እኮ አንድ ክፍል ይወጣል» አለኝ።

ወጣም። ችግሩ የሦስተኛው ክፍል መስኮት የሚከፈተው ወደዚያች ቦታ መሆኑ ነው። ሌላ መስኮት የለውም። ግንበኛው «ይሄን ምን ላድርገው?» ሲለኝ «ድፈነው» ያልኩት እኔ ነኝ። ስምንት ብሎኬት ፈጀ። በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል የነበረችውንም ክፍተት፣ አይጥና ብርድ እንዳይገባ ብዬ፣ በዚያው ሲሚንቶ አስመረግኳት።

ትንሽ ሰግቼ ደላላውን ጠይቄው ነበር። «ሲስተር፣ ዘንድሮ ቤት አገኘሁ ብሎ የሚስም እንጂ መስኮት ቆጥሮ የሚገባ ተከራይ የለም» አለኝ። እውነቱን ነበር። ክፍሉ ሳምንት ባዶ ሳያድር ተከራየ፤ ያውም በዚያው ዋጋ።

እዚህ ላይ ስለ እናቴ አንድ ነገር ልበል። በ1967 በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ እኛ የምንኖርበትም የኪራይ ቤት የቀበሌ ሆነ። ኪራዩ ቀነሰ፤ የሚጠግን ግን ጠፋ። እናቴ ጣሪያው ባፈሰሰ ቁጥር ሳፋ ደቅና ነበር የምታድረው። ማንንም አማርራ አታውቅም። እኔም ተከራይ ማለት ያገኘውን ችሎ የሚኖር ሰው መስሎኝ አደግኩ። ይህ አስተሳሰብ አከራይ ስሆንም እንዳልለቀቀኝ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ሌላው ውሳኔዬ የመብራት ነበር። ግቢው ያለው አንድ ቆጣሪ ነው። ሁሉም ስቶቭ ሲሰካ መብራቱ ይጠፋል፣ ሂሳብ ሲመጣ ደግሞ «አንተ በዛህ፣ አንቺ በዛሽ» ነው። ስለዚህ ብዙ አከራይ እንደሚያደርገው «ስቶቭና ምጣድ ክልክል ነው፣ ምግብ በረንዳ ላይ በከሰል ይሠራል» የሚል ደንብ አወጣሁ። መስኮቱን የደፈንኩት ለብቻው፣ ስቶቩን የከለከልኩት ለብቻው ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጌ አስቤያቸው አላውቅም።

በ2016 አጋማሽ ላይ አዲሱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1320/2016፣ ወጣ። ውል በጽሑፍ ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ፣ ኪራዩ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈል ይላል። እኛ የሰፈር አከራዮች ወረዳ ተሰልፈን ስናስመዘግብ ወሬያችን ሁሉ ስለ ዋጋና ስለ ግብር ነበር። እኔም ሰኔ ላይ የአራቱንም ክፍሎች ውል ተፈራርሜ አስመዘገብኩ። ሦስተኛው ክፍል በዚያው ወር ለገቡ ወጣት ባልና ሚስት ሆነ። እሱ ሸማኔ ነው፣ እሷ ፈትል ታቀርብለታለች። በውሉ ላይ የሁላችንም ስም፣ ዋጋው፣ ዘመኑ አለ። ስለ አየር የተጻፈ ነገር የለም፤ አልጠየቁም፣ እኔም አላነሣሁም።

በዓመቱ፣ ሐምሌ 2017፣ ወንድ ልጅ ተወለደላቸው። የልጅቷ እናት ሊያርሷት ከጨንቻ መጡ። አማርኛቸው ጥቂት ነው፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ እየሳቁ ገንፎ ይዘውልኝ ይመጣሉ። ልጁ በተወለደ በ12ኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ከቀትር ጀምሮ ሲዘንብ ዋለ። ውሽንፍሩ በረንዳው ላይ ከሰል የሚያስቀምጥ አልሆነም። ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ባልየው ከሥራ ገብቶ በሩን ቢያንኳኳ የሚመልስለት አጣ። በትከሻው ገፍቶ ገባና የጮኸው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ፦ «ሲስተር! ሲስተር፣ ይድረሱልኝ!»

ባዶ እግሬን ሮጥኩ። ቤቱ ውስጥ ጭስ የለም፤ የሚሸት ነገር የለም። መሐል ወለሉ ላይ ምድጃው ቁጭ ብሏል፣ ፍሙ እንደ ብርቱካን ቀልቷል። አያትየው አልጋው ጥግ ተንበርክከው ያስመልሳቸዋል። አራሷ ስትጠራ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ መልሳ ትከድናለች። ሕፃኑን ሳነሣው እጁና እግሩ ተዝለፈለፈ። ሦስቱንም ዝናቡ ውስጥ አውጥተን በረንዳው ጫፍ ላይ አጋደምናቸው። ጎረቤት «አራስ ናት፣ ብርድ ይመታታል፣ አስገቡአት» ይላል። ሌላዋ ወተት ይዛ መጣች። ራሱን ላልያዘ ሰው ወተት ማጠጣት ወደ ሳንባው መላክ ስለሆነ ከእጇ ነጠቅኳት፤ በኋላ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። የጎረቤቴ ልጅ ሚኒባሱን አስነሥቶ ወሰደን።

ከሰል የሚያመነጨው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ከዚህ ጋዝ ጋር ይያያዛል። ሰውየው ይተነፍሳል፣ ነገር ግን ትንፋሹ ለአንጎሉና ለልቡ አይደርስም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ጉልበት መክዳት ይጀምራል። በር ለመክፈት ልነሣ ሲል እግሩ እምቢ ይለዋል። ጣት ላይ የምትሰካዋ የኦክስጅን መለኪያ እንኳ ሁለቱን ለይታ ስለማታውቅ ቁጥሩን ደህና አድርጋ ታሳያለች። ሰዉ የሚሳሳተው «ጭሱ አልቋል፣ አሁን ይግባ» ሲል ነው፤ ጭሱ ቢጠፋም ፍሙ ጋዙን መልቀቁን አያቆምም። ይህን ሁሉ ለእናቶች ስንት ዓመት አስተምሬዋለሁ። «ከሰል ይዛችሁ በር አትዝጉ» ያላልኩበት ክረምት የለም።

ሆስፒታል ሦስቱም ኦክስጅን ተደረገላቸው። ወጣቱ ሐኪም ካርድ እየሞላ «ቤቱ መስኮት የለውም?» ሲል ጠየቀ። ባልየው መሬት መሬት እያየ «የለውም» አለ። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረና፣ የሙያ ባልደረባ መሆኔን ሰምቶ ስለነበር፣ «አየሽ ሲስተር፣ እነዚህ አከራዮች…» ብሎ ጀመረ። «አከራይዋ እኔ ነኝ» አልኩት። እሱም ዝም አለ፣ እኔም።

ሕፃኑ ሊነጋጋ ሲል ጮኾ አለቀሰ። ሦስቱም ተርፈዋል። ባልየው ያን ለሊትም ሆነ ከዚያ በኋላ አንድ የወቀሳ ቃል አልወጣውም። ቢወቅሰኝ ይቀለኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ግንበኛውን ጠራሁት። አራተኛውን ክፍል አፍርስልኝ ልለው ነበር። የአራተኛው ተከራይ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት። «ሲስተር፣ በጣም አዝኛለሁ፤ ግን ውሌ ገና 11 ወር ይቀረዋል» አለችኝ። ልክ ነበረች። እኔ የሠራሁትን ጥፋት እሷን ሜዳ ላይ ጥዬ ላርመው አልችልም። ስለዚህ ለጊዜው የሦስተኛውን የፊት ግድግዳ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ሰብረን የብረት መስኮት አስገባን። ከኋላ ደግሞ፣ አራተኛው ጣሪያው ዝቅ ስለሚል፣ ከእሱ በላይ ባለው ግድግዳ የማይዘጋ ቀዳዳ አወጣን። አየር የሚንቀሳቀሰው መግቢያም መውጫም ሲኖረው ነው፤ አንዱ ብቻውን ብዙ አይሠራም።

ቀጥሎ ኤሌክትሪሺያን አመጣሁ። ሽቦው ቀጭን ስለነበር በወፍራም ቀይሮ ለየክፍሉ የራሱ ማካፈያ ቆጣሪና ብሬከር ሠራልኝ። ሂሳቡ በቆጠረው ይከፈላል፣ ስቶቭ ተፈቀደ። የሚገርመው፣ ያ ሁሉ የዓመታት ጭቅጭቅ በሁለት ቀን ሥራ አለቀ። ለሁሉም ያወጣሁት ከ28,000 ብር ትንሽ ይበልጣል፤ የአንድ ክፍል የስምንት ወር ኪራይ ማለት ነው።

መስከረም ላይ በመጀመሪያው ክፍል የነበረው ተማሪ በራሱ ፈቃድ ለቀቀ። መምህርቷን በዚያው በ3,500 ብር ወደዚያ ትዛወር እንደሆነ ጠየቅኳት። ክፍሉ ሰፋ ስለሚል ደስ ብሏት በጽሑፍ ተስማማን። አራተኛውን ክፍል የፊት ግድግዳውን አፍርሼ የጋራ ማድ ቤት አደረግሁት፤ የተደፈነውም መስኮት ተከፈተ። ልጄ «እማዬ፣ በዓመት 42,000 ብር እኮ ነው የምታፈርሺው» አለኝ። ሂሳቡን አልተሳሳተም። ክረምት ላይ ቆርቆሮ ሲያፈስ፣ ሽንት ቤት ሲመጠጥ፣ ያ ገንዘብ እንደሚያስፈልገኝ አውቃለሁ። ኪራይ ጨምሬ እንዳልተካው አዋጁ ጭማሪን በየዓመቱ በሚወጣው ልክ ወስኖታል፤ ባይወስነውስ ያንን ልጅ አይቼ በምን አፌ።

አሁን ለአዲስ ተከራይ ቤት ሳስረክብ ከውሉ ጋር አንድ ገጽ ወረቀት አለችኝ። አምፖል፣ ቁልፍ፣ ቧንቧ፣ መስኮት እያልን አብረን ዞረን እናያለን፣ በስልክ ፎቶ እናነሣለን። አምፖልና የበር ቁልፍ የተከራይ፣ ጣሪያ፣ ሽቦና የውኃ መስመር የእኔ ብለን እንፈርማለን። ቤቱን ለመኖሪያ በሚበቃ ሁኔታ ማስረከብ የአከራይ ግዴታ መሆኑን የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ያኔ ጽፎታል፤ እኔ ያነበብኩት ግን ዘንድሮ ነው።

ባልና ሚስቱ ለመስቀል ጨንቻ ወርደው ሲመለሱ አያትየው አብረዋቸው መጡ። በማግሥቱ ማለዳ የሦስተኛውን ክፍል ሳይ የኋላው ቀዳዳ በአሮጌ ጨርቅ ተወትፏል። ምነው ስላቸው በልጃቸው አስተርጓሚነት «ብርዱ ልጁን ይገድለዋል፤ እኛ አገር ዕድሜያችንን ሙሉ ቤት ውስጥ እሳት አንድደን ምን ሆንን?» አሉኝ። የዶርዜን ቤት ያየ ይረዳቸዋል፤ ከቀርከሃ ተሠርቶ በእንሰት ስለሚለበስ ግድግዳው ራሱ ይተነፍሳል። የእኔ ብሎኬት አይተነፍስም። ይህን ሳስረዳቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ፤ የተስማሙ ግን አልመሰለኝም። ወንበር ላይ ወጥቼ ጨርቁን አወጣሁና የባለቤቴን ጋቢ አምጥቼ ለልጁ ደረብኩለት። ማምሻውን ደግሞ አንድ ጊዜ ብቅ ብዬ ማየቴ አይቀርም።